ከቀላው ገንፎ የተነሣ ሥዕል

እ.ኤ.አ. በ1819 የኦገስት ወር ሲገባ፣ በሰሜን ጣሊያን ከፓዶቫ ከተማ ብዙም በማትርቀው ሌኛሮ በምትባል መንደር፣ ፒታሬሎ የሚባል ገበሬ ቤተሰብ ከእራት የተረፈውን የበቆሎ ገንፎ አስቀምጦ ተኛ። ሲነጋ ገንፎው ላይ ደም የመሰለ ነጠብጣብ ወጥቶበት ተገኘ። ደፉት። በማግሥቱ ያበሰሉትም ቀላ። ወሬው ከቤት ወደ ቤት ሲዛመት ቅላቱም አብሮ ተዛመተ። የሰይጣን ሥራ ነው ያለ አለ፣ የእግዜር ቁጣ ነው ያለም አለ። መንደሩ በሙሉ የቄስ ያለህ እያለ ተጨነቀ።

ነገሩ ከሹማምንቱ ጆሮ ሲደርስ ቪንቼንዞ ሴቴ የሚባል ሐኪም እንዲመረምር ተደረገ። በዚያው ሰሞን ደግሞ ባርቶሎሜዎ ቢዚዮ የተባለ የመድኃኒት ቅመማ ባለሙያ በራሱ መንገድ ጉዳዩን ያዘው። ቢዚዮ በቀላው ገንፎ ላይ ከመከራከር ይልቅ ገንፎ ማቅላት ጀመረ። ትኩስ ገንፎ ሙቀትና እርጥበት ባለበት ቦታ ሲያኖር በአንድ ቀን ውስጥ ቀላ። ከቀላው ቆንጥሮ ንጹሑን ሲያስነካ ያም ቀላ። ስለዚህ ቅላቱ ከሰማይ የወረደ መቅሠፍት ሳይሆን የሚበላ፣ የሚራባ፣ ከቦታ ቦታ የሚሸጋገር ሕይወት ያለው ነገር ነበር። ቢዚዮ ሻጋታ መስሎት ነበር፤ ስሙንም ሴራፊኖ ሴራቲ ለተባለ ጣሊያናዊ የፊዚክስ ሰው መታሰቢያ እንዲሆን ሴራቲያ አለው። ዛሬ ሴራቲያ ማርሴሴንስ የምንለው ባክቴሪያ ይኸው ነው።

በላቦራቶሪ ሙያ ውስጥ ላለፈ ሰው የዚህ ታሪክ ክብደት ወዲያው ይገባዋል። ጀርም በሽታ ያመጣል የሚለው ሐሳብ ገና ባልጸናበት ዘመን፣ ከፓስተርና ከኮህ በፊት፣ አንድ ረቂቅ ተሕዋስ በሰው ዓይን ፊት ራሱን ገለጠ። የገለጠውም በቀለሙ ነው። ቀለም ባይኖረው ኖሮ ገንፎው ሻገተ ተብሎ ይደፋ ነበር፤ ማንም ሁለተኛ አያየውም።

ታሪኩ ወደ እኛም አካባቢ ብቅ ብሎ ነበር። ክርስቲያን ጎትፍሪድ ኤረንበርግ የተባለው ጀርመናዊ ተመራማሪ ከባልንጀራው ከቪልሄልም ሄምፕሪሽ ጋር እ.ኤ.አ. ከ1820 ጀምሮ ግብፅን፣ ኑብያንና የቀይ ባሕርን ዳርቻ ሲያስስ ዓመታት አሳለፈ። በ1823 መጨረሻ ላይ በሲና ቱር ከተባለው ወደብ አጠገብ ባሕሩ ቀልቶ አየ። ውሃውን ቀድቶ በአጉሊ መነጽር ሲመለከተው ቅላቱ ክር ክር የሚመስሉ ጥቃቅን ሕያዋን ስብስብ ሆኖ አገኘው፤ ትሪኮዴስሚየም ብሎ ሰየማቸው። ሄምፕሪሽ በ1825 ምጽዋ ላይ በንዳድ ሞተ። ኤረንበርግ ግን ወደ በርሊን ተመልሶ ሥራውን ቀጠለ፤ በ1848 ምግብ ላይ የወጣ ቀይ ነጠብጣብ ሲገጥመው ደግሞ ያንኑ የሌኛሮን ጀርም በማይክሮስኮፕ መረመረው። ባክቴሪያ የሚለውን መጠሪያ ለሳይንስ ያስተዋወቀውም እሱ ነው። አንድ ሰው በዕድሜው ሁለት ጊዜ፣ አንዴ በባሕር አንዴ በምግብ ላይ፣ ቀይ ቀለም አስቁሞት ሁለቱንም ጊዜ ጎንበስ ብሎ መመልከቱን ሳስብ ለዚህ ሰው ያለኝ አክብሮት ይጨምራል።

ከዚህ በኋላ ያለው ሂደት ፈጣን ነው። በብሬስላው ከተማ በፈርዲናንድ ኮን ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረው ዮሴፍ ሽሮተር በ1870ዎቹ መጀመሪያ የተቀቀለ ድንች ቆርጦ አየር ላይ ትቶት፣ ቁራጩ ላይ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ ነጥቦች ሲበቅሉ አየ። ከአንዱ ነጥብ ወስዶ ሌላ ድንች ሲያስነካ ያው ቀለም ብቻ ይወጣል። ቀዩ ቀይ ይወልዳል፣ ቢጫው ቢጫ። ዛሬ ይህ ቀላል ሊመስል ይችላል፤ ያኔ ግን ረቂቅ ተሕዋስያን የየራሳቸው ዘር እንዳላቸው በዓይን የታየበት ማስረጃ ነበር። ሮበርት ኮህም ይህንኑ የድንች መንገድ ተከትሎ ነው አንዱን ጀርም ከሌላው ለይቶ በንጽሕና ወደ ማሳደግ የደረሰው።

ድንች ግን ለሁሉም ጀርም አልተስማማም፤ ጄላቲን ተሞክሮም በሰው የሰውነት ሙቀት ይቀልጥ ነበር። ችግሩን የፈታችው ፋኒ ሄሰ ናት። ባሏ ቫልተር ሄሰ ከኮህ ጋር ይሠራ ነበር። እሷ በቤቷ ለማርመላታ ማርጊያ የምትጠቀምበትን ከባሕር አረም የሚወጣ አጋር የተባለ ነገር ሞክሩት አለች። አጋር በ37 ዲግሪ አይቀልጥም። ኮህ የሳንባ ነቀርሳን ጀርም ማግኘቱን ባሳወቀበት በ1882 ጽሑፉ ላይ አጋርን ሲጠቅስ የእሷን ስም አላነሣም፤ ይህ እስከ ዛሬ የሚቆረቁር ነገር ነው። በ1887 ዩሊየስ ሪቻርድ ፔትሪ ክዳን ያለውን ጠፍጣፋ ሳህን ጨመረበት። ሸራውም ቀለሙም ተዘጋጀ ማለት ነው፤ ሠዓሊው ብቻ ቀረ።

ወደ እኛ አገር ስንመለስ፣ ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ አዘዞን አልፎ ጠዳ ሲደረስ የጠዳ ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ይገኛል። የዚህ አካባቢ የጤና ትምህርት ሥር ረጅም ነው። በደንቢያ ወባ ተነሥቶ ብዙ ሺህ ሰው ከፈጀ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተቋቋመ፤ የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከዚያ የበቀለ ነው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በዚህ አገር የላቦራቶሪ ሰው ሥራው በአብዛኛው ቀለም ማንበብ ሆኖ ኖሯል። ጊምሳ የተቀባው ስላይድ ላይ የወባው ተሕዋስ ሰማያዊና ቀይ ሆኖ ይታያል፤ በዚል ኒልሰን የተቀባው አክታ ላይ የነቀርሳው ባሲል በሰማያዊ ጀርባ ላይ ቀይ ሆኖ ይወጣል።

ካልቸር ሲሠራ ደግሞ ቀለሙ ይበዛል። ማክኮንኪ አጋር ላይ ኢ ኮላይ ደማቅ ሮዝ ይሆናል፤ ይህ ሮዝ ግን የባክቴሪያው ሳይሆን አጋሩ ውስጥ ያለው ማቅለሚያ ነው፣ ባክቴሪያው ላክቶስን ሲበላ በሚያወጣው አሲድ የተነሣ የሚቀየር። የሱዶሞናስ አረንጓዴ ሰማያዊ ግን የራሱ ነው። የስታፍ አውሬስ ወርቃማ ቢጫም የራሱ ነው። ተማሪው ይህን ሁሉ ሸምድዶ ይፈተናል። በሥራ ላይም ሮዝ ሲያይ ሮዝ ብሎ ይጽፋል፣ ሳህኑን ኦቶክሌቭ ያስገባል፣ ይጥላል። መሆንም ያለበት ይኸው ነው፤ ውጤቱን የሚጠብቅ በሽተኛ አለ። ሆኖም ያንን ሳህን ብርሃን ላይ አንሥቶ ያየ ሰው፣ ኮሎኒው ጠርዙ ስስ፣ መካከሉ ወፍራምና የሚያብረቀርቅ፣ አንዱ ከሌላው ጋር ሊነካካ ሲል የሚያፈገፍግ መሆኑን ያስተዋለ ሰው፣ ውበት መሆኑን ያውቃል። አፍ አውጥቶ የሚናገረው ጥቂቱ ነው።

ሴራቲያን ከገንፎው ዘመን በኋላ ሰዎች እንደ ምልክት ተጠቀሙበት። ቀይ ስለሆነ የሄደበትን መከተል ይቻላል። የእንግሊዝ ፓርላማ የታችኛው ምክር ቤት አዳራሽ አየር ንጽሕና በተመረመረበት ጊዜ፣ ኤም ኤች ጎርደን የተባለው ባክቴሪዮሎጂስት አፉን በሴራቲያ ካልቸር ተጉመጥምጦ፣ ባዶው አዳራሽ ውስጥ ቆሞ የሼክስፒርን ቃላት ጮክ ብሎ አነበነበ። ወንበሮቹ ላይ የአጋር ሳህኖች ተደርድረው ነበር። ከቀናት በኋላ ሳህኖቹ ላይ፣ ከተናጋሪው ርቀው የተቀመጡትንም ጨምሮ፣ ቀይ ኮሎኒ በቀለ። ሰው ሲናገር ከአፉ ጀርም እንደሚወጣና ምን ያህል እንደሚጓዝ በቀይ ቀለም ተጽፎ ታየ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1906 ታተመ። ኮቪድ በገባ ጊዜ ማስክ አድርጉ፣ ተራራቁ ሲባል የሰማነው ምክር አንዱ ሥሩ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ነው።

ቀርቶ የነበረው ሠዓሊ የመጣው ከለንደን ሴይንት ሜሪ ሆስፒታል ነው፤ አሌክሳንደር ፍሌሚንግ። ፍሌሚንግን ዓለም የሚያውቀው በ1928 ባገኘው ፔኒሲሊን ነው። ቼልሲ አርትስ ክለብ የተባለው የሠዓልያን ማኅበር አባል እንደነበር፣ በውሃ ቀለም ይሥል እንደነበር፣ ከዚያም አልፎ በሕያው ባክቴሪያ ይሥል እንደነበር የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። የባሌ ዳንሰኛ፣ ቤት፣ ወታደር፣ ልጇን የምታጠባ እናት ሣለ። አሣሣሉ ትዕግሥት የሚፈታተን ነው። በሽቦው ሉፕ ጫፍ ባክቴሪያውን ነክሮ አጋሩ ላይ ሲያሰምር ምንም አይታይም፤ የነከረውም ያሰመረውም ከዓይን የተሰወረ ነው። የትኛው ጀርም ምን ቀለም እንደሚያወጣ፣ የትኛው በአንድ ቀን የትኛው በሦስት ቀን እንደሚያብብ በቃሉ መያዝ አለበት። ቀርፋፋውን ቀድሞ ይዘራል፣ ፈጣኑን ኋላ፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ እንዲደርስ። ከዚያ ይጠብቃል። ሥዕሉ የሚታየው ሠዓሊው እጁን ካነሣ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ነው፤ ጥቂት ቆይቶም አንዱ ባክቴሪያ የሌላውን ድንበር ጥሶ ሥዕሉ ይበላሻል።

ንግሥት ሜሪ ላቦራቶሪውን በጎበኙ ጊዜ ፍሌሚንግ ከእነዚህ ሥዕሎች ጥቂቱን አዘጋጅቶ አሳያቸው፤ ንግሥቲቱ ብዙም አልተደነቁም ይባላል። ሥዕሉ ፔኒሲሊንን ወለደ የሚሉ ጸሐፊዎች አሉ፤ እኔ እስከዚያ ድረስ አልሄድም። ይሁንና ከዓመታት በፊት፣ በ1922፣ ፍሌሚንግ ላይሶዛይም የተባለውን በእንባና በንፍጥ ውስጥ ያለ ጀርም የሚያሟሟ ንጥረ ነገር ያሳወቀው ሳህኑ ላይ በበቀለ ቢጫ ባክቴሪያ ላይ ያየውን ተከትሎ ነው። ያ ባክቴሪያ ዛሬ ማይክሮኮከስ ሉቴየስ ይባላል። ቢጫው በጠራ ሳህን ላይ፣ ንፍጡ ባለበት ዙሪያ ቢጫው ጠፍቶ ብርጭቆ ሲመስል፣ ልዩነቱን ለማስተዋል ቀለም የለመደ ዓይን ይረዳል። ፍሌሚንግ እንደዚያ ያለ ዓይን ነበረው።

እዚህ ላይ ለላቦራቶሪ ሰው የምነግረው አንድ ነገር አለ። ሴራቲያ ቀይ ቀለሙን፣ ፕሮዲጂዮሲን የሚባለውን፣ የሚያወጣው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ባለ ሙቀት ነው። 37 ዲግሪ ኢንኩቤተር ውስጥ ሲገባ ይኖራል፣ ይራባል፣ ግን ነጣ ብሎ ይቀራል። ሆስፒታል ውስጥ አብዛኛው ካልቸር በ37 ዲግሪ ስለሚያድግ ይህ ቀይ ጀርም ከዓይናችን ሥር ነጭ ሆኖ ሊያልፍ ይችላል። ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥ ግን ይቀላል። መብራት ሲጠፋ ኢንኩቤተሩ የቀዘቀዘበት የጎንደር ላቦራቶሪ ሠራተኛ ይህን ሳያነብ ሊያውቀው ይችላል።

ቀዩ ግን አደጋም አለበት። ለረጅም ዘመን ሴራቲያ ማንንም አይጎዳም ተብሎ ይታመን ነበር። በዚህ እምነት የአሜሪካ ባሕር ኃይል በሴፕቴምበር 1950 ከሳን ፍራንሲስኮ ጠረፍ ላይ ከመርከብ ሴራቲያን ወደ ከተማዋ አየር ረጨ፤ የጀርም ጦር መሣሪያ ቢመጣ እንዴት እንደሚዛመት ለማወቅ ነበር። በዚያው ሰሞን ከተማዋ ውስጥ ባለ ሆስፒታል 11 ሕሙማን በሴራቲያ ተለክፈው ተገኙ፣ አንዱ ሞተ። ሙከራው ከሕዝብ ተሰውሮ ቆይቶ በ1970ዎቹ ሲገለጥ የሟቹ ቤተሰብ ከሰሰ፤ ክሱ ውድቅ ሆነ። ያም ሆኖ ዛሬ ሴራቲያ ሰውነታቸው የደከመ ሕሙማንን የሚያጠቃ ጀርም መሆኑ ታውቋል። በጀርም መሣል የሚፈልግ ሁሉ ይህን ታሪክ መጀመሪያ መስማት አለበት፤ ቀለም ማማሩ ንጹሕ መሆኑን አያሳይም።

ከፍሌሚንግ በኋላ ታሪኩ ለብዙ ዓመት ጋብ አለ። የቀሰቀሰው ከባሕር የወጣ ብርሃን ነው። ኦሳሙ ሺሞሙራ እ.ኤ.አ. በ1962 ከአንድ የባሕር ጄሊፊሽ አረንጓዴ የሚያበራ ፕሮቲን ለየ። ማርቲን ቻልፊ በ1994 የፕሮቲኑን ጂን ባክቴሪያና ትል ውስጥ አስገብቶ አበራ። ሮጀር ቼን ደግሞ ቀለሙን ከአረንጓዴ አውጥቶ ብዙ ዓይነት አደረገው። ሦስቱ በ2008 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለሙ። ከቼን ላቦራቶሪ ሰዎች አንዱ በእነዚህ ቀለማት አንድ ሳህን አጋር ላይ የሳን ዲዬጎን የባሕር ዳርቻ ፀሐይ ስትጠልቅ ሥሎት ነበር። ያ ሥዕል በብዙ አገር ክፍል ውስጥ ሲታይ አይቻለሁ፤ ተማሪዎች ጂን ምን እንደሚያደርግ ከዚያ ፈጥነው ይረዳሉ።

እ.ኤ.አ. በ2015 የአሜሪካ ማይክሮባዮሎጂ ማኅበር በአጋር ላይ የመሣል ውድድር ጀመረ። የመጀመሪያውን ዓመት ያሸነፈው የነርቭ ሴሎችን የሚያሳይ ሥዕል ሲሆን፣ የተሣለው በተፈጥሮ ቢጫና ብርቱካናማ በሆኑ ባክቴሪያዎች ነው። በ2017 ግን ሌላ ነገር መጣ። አሸናፊዋ ጃስሚን ቴምፕል ኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በጄፍ ቦኬ ላቦራቶሪ የምትሠራ ነበረች፤ ቀለሟም እርሾ ነው። ዳቦ የምንጋግርበት፣ በጠላውና በጠጁም ውስጥ ያለው ያው ሳካሮማይሲስ።

እርሾ በተፈጥሮው ነጣ ያለ ነው። ያ ላቦራቶሪ ግን የእርሾን ክሮሞሶም እንደ አዲስ ለመጻፍ የሚሠራ ዓለም አቀፍ ቡድን አንድ ክንድ ነው፤ ረጅም የጂን ሰንሰለት እርሾ ውስጥ በትክክል መገጣጠሙን ማወቂያ ይፈልጋል። ካሮትን ብርቱካናማ የሚያደርገውን ቤታ ካሮቲን የሚሠሩ ጂኖች፣ እንዲሁም ክሮሞባክቴሪየም ከተባለ ባክቴሪያ ቫዮላሲን የተባለውን ወይን ጠጅ ቀለም የሚሠሩ ጂኖች ወደ እርሾው ገቡ። ጂኖቹ በትክክል ከተገጣጠሙ እርሾው ብርቱካናማ ወይም ወይን ጠጅ ይሆናል፤ ካልተገጣጠሙ ነጭ ይቀራል። የሽሮተር ድንች እንደገና መጣ ማለት ነው። ቀለም እዚህም ማስረጃ ነበር፤ ማስረጃው ሲከማች ደግሞ የሠዓሊ ገበታ ሆነ።

አሁን እርሾውን አጋር ላይ ስለሚያስቀምጠው ሮቦት። በዚያ ቡድን ሥዕል የሚያትመው መሣሪያ ኤኮ ይባላል፤ ብሩሽ የለውም፣ መርፌ የለውም፣ ፈሳሹን የሚነካ ነገር የለውም። እርሾዎቹ በቀለማቸው ተለይተው በጥቃቅን ጉድጓዶች በተከፋፈለ ሳህን ውስጥ ይቀመጣሉ። የአጋሩ ሳህን ከላያቸው ይደፋል፤ ፊቱ ወደታች። ከሥር ያለው መሣሪያ የሰው ጆሮ የማይሰማው የድምፅ ሞገድ ወደ ላይ ይልካል፤ ሞገዱ ፈሳሹ ገጽ ላይ ሲያተኩር አንዲት ጠብታ ትዘላለች፣ አየር ላይ ተጉዛ የተደፋው አጋር ላይ ትለጠፋለች። የጠብታዋ መጠን 2.5 ናኖሊትር ነው፤ በተራ ፓይፔት ከምንለካት ከአንዲት ማይክሮሊትር ውስጥ እንዲህ ያሉ 400 ጠብታዎች ይወጣሉ። ሠዓሊዋ ሥዕሉን ኮምፒውተር ላይ ወደ ነጥቦች ትበትናለች፤ ኮምፒውተሩም ይህችኛዋ ነጥብ ከብርቱካናማው ጉድጓድ፣ ያችኛዋ ከወይን ጠጁ ብሎ ዝርዝር ያወጣል። መሣሪያው ይህን ሁሉ ነጥብ የሰው እጅ ሳይነካው ያትማል።

ብዙ ሰው ሮቦት ገባ ሲባል ሠዓሊው ወጣ ማለት ይመስለዋል። እኔ የማየው ተቃራኒውን ነው። ሮቦቱ የወሰደው ድካሙንና የእጅ መንቀጥቀጡን ነው። ሳህኑ ከመሣሪያው ሲወጣ አሁንም ባዶ ነው፤ ፍሌሚንግ የጠበቀውን ቴምፕልም ትጠብቃለች። ጠብታዎቹ ተቀራርበው ከተቀመጡ እርሾዎቹ ለምግብ ይሻማሉ፣ ኮሎኒው ያንሳል፣ ቀለሙ ይሳሳል፤ ተራርቀው ከተቀመጡ ኮሎኒው ይሰፋል። ስለዚህ ምን ያህል ይቀራረቡ፣ የትኛው ቀለም ከየትኛው ጎን ይቀመጥ የሚለው ፍርድ የሰው ነው። ማሽኑ ይዘራል፣ እርሾው ያድጋል፣ ሰው ደግሞ ሁለቱ የት እንደሚገናኙ አስቀድሞ ያያል። ኤኮ እጅግ ውድ መሣሪያ ነው። ኦፐንትሮንስ የተባለው የኒው ዮርክ ድርጅት የሚሠራቸው አነስ ያሉ ሮቦቶች ግን ፓይፔት የያዘ ክንድ ብቻ ናቸው፤ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ይታዘዛሉ፣ ሶፍትዌራቸውም ለሕዝብ ክፍት ነው። ተማሪዎች ፕሮግራም መጻፍን አጋር ላይ ሥዕል በማተም የሚለማመዱባቸው ኮርሶች ዛሬ አሉ።

ይህን ሁሉ ከጠዳ ሆኖ የሚያነብ ሰው፣ የእኛስ ቀለም የት አለ ማለቱ አይቀርም። አለ። ቢሾፍቱ አጠገብ ያለው አረንጓዴ ሐይቅ ቀለሙን ያገኘው አርትሮስፒራ ከሚባል ጠምዛዛ ረቂቅ ተሕዋስ ነው፤ ስፒሩሊና እየተባለ በብልቃጥ የሚሸጠው ይኸው ዘር ነው። ታሊንግ፣ ውድና ባልደረቦቻቸው በዚያ ሐይቅና በጎረቤቱ በቂሎጤስ ላይ ያደረጉትን ጥናት እ.ኤ.አ. በ1973 ሲያሳትሙ፣ በውሃ ውስጥ የሚኖር ተክል መሰል ሕይወት ከፀሐይ ብርሃን ምግብ የመሥራት አቅሙ ጣሪያ የት ድረስ እንደሆነ ያሳዩት በእነዚህ ሁለት የኢትዮጵያ ሐይቆች ነው። ሻላ አጠገብ በጭቱ ሐይቅ ፍላሚንጎዎች ይህንኑ አርትሮስፒራ ይለቅማሉ፤ የላባቸው ሮዝ የሚመጣው ከምግባቸው ውስጥ ካለው የካሮቲን ቀለም ነው። አንድ ጀርም ሐይቅ አረንጓዴ አድርጎ፣ ወፍ ደግሞ ሮዝ ያደርጋል።

ዳሎል ግን ያታልላል። ያንን ቢጫ፣ አረንጓዴና ቀይ ያየ ሰው ሁሉ ሕይወት ነው ይላል። በ2019 ዓለም አቀፍ ተመራማሪዎች ሁለት የሚቃረኑ ጽሑፎች አወጡ፤ አንዱ እጅግ ጥቃቅን ሕዋሳት አግኝተናል አለ፣ ሌላው ብዙ ናሙና መርምሮ ጨው፣ አሲድና ሙቀት በአንድ ላይ በከፉባቸው ገንዳዎች ውስጥ ሕይወት የለም አለ። ሁለተኛው ጽሑፍ ያስጠነቀቀው ማዕድን ራሱ ሕዋስ የሚመስል ቅርጽ ሊይዝ እንደሚችል ነው። የዳሎል ቀለማት በዋናነት የብረትና የድኝ ሥራ ናቸው። ቢዚዮ የቀላውን ገንፎ ወደ ንጹሑ አሸጋግሮ ያረጋገጠው ለዚህ ነው፤ የማይራባ ቀለም ሕያው አይደለም።

በአገራችን በጂን የተቀየረ እርሾ አዝዞ ማስመጣት ቀላል አይደለም፤ የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001 እና በ2007 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያው ፈቃድ ይጠይቃሉ፣ መጠየቃቸውም ተገቢ ነው። ነገር ግን ለመጀመር የተቀየረ ጂን አያስፈልግም። የፍሌሚንግ ቢጫ፣ ማይክሮኮከስ ሉቴየስ፣ በሰው ቆዳና በአየር ላይ አለ። ነጭ እርሾ ከሱቅ ይገኛል። አርትሮስፒራ አረንጓዴ ነው፤ አጋሩ ሶዳ ያለበት ሆኖ፣ ብርሃን እያገኘ ለብቻው ሳህን ላይ ያድጋል። የጠዳና የጎንደር የቀን ሙቀትም ለአብዛኞቹ ባለ ቀለም ተሕዋስያን የሚስማማ ነው፤ ኢንኩቤተር ሳይከፈት ጠረጴዛ ላይ ያብባሉ። ሮቦት ከሌለ የፍሌሚንግ ሉፕ አለ። ጎንደር ደግሞ ከደብረ ብርሃን ሥላሴ ዘመን ጀምሮ መስመር መሥራትና ቀለም መለየት የሚያውቁ እጆች ያሏት ከተማ ናት።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለጠዳ ጤና ሳይንስ ኮሌጅና ለጎንደር ዩኒቨርሲቲ የላቦራቶሪ መምህራን ነው። በሚመጣው ዓመት የባክቴሪዮሎጂ ልምምዱ ሲያልቅ ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ የአጋር ሳህን ስጡት። የምትሰጡት ዘር የታወቀና በሽታ የማያመጣ ብቻ ይሁን፤ ከሕሙማን ናሙና የወጣ ጀርም፣ ሴራቲያም ቢሆን፣ ለሥዕል አይንካ። ከከተማው ሠዓልያን አንዱን ጋብዙና ከተማሪዎቹ ጎን ይቀመጥ። ፕሮግራም የሚችል ተማሪ ካለ ደግሞ ከተራ ሞተርና ከአሮጌ ፕሪንተር ክንድ መሥራት ይችል እንደሆነ ጠይቁት፤ ክፍት ንድፎች አሉ። ሲያብብ ክዳኑን ሳትከፍቱ ፎቶ አንሡት፣ በግድግዳችሁ ላይ ስቀሉት፤ ሳህኑን ግን በ121 ዲግሪ ኦቶክሌቭ አድርጋችሁ አስወግዱት።